በመዝገበ ቃላቴ ያልተገኘው ቃል

መጋቢት 3፣ ከሰዓት 9፡15

የዛሬ ፊደላት፦ ኤ፣ ኤች፣ አይ፣ ኤም፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ። ጥሩ ዕጣ። በሩብ ሰዓት ዐሥራ ዘጠኝ ቃል አወጣሁ። ግደይ ዐሥራ አንድ። ሮማናት አደባባይ ያለችው ሻይ ቤት፣ የመስኮቱ ጠረጴዛ፣ ከክፍል መልስ። እንደ ወትሮው።

እንደ ወትሮው ግን አላለቀም።

ሕጉን ታውቀዋለህ፣ ደብተር፤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ግደይ ከከረጢቱ ሰባት ቆርኪ ያወጣል። ጠፍጥፎ ፊደል የቀባቸው እሱ ነው፤ መካኒክ ነው፣ እጁ ሥራ ያውቃል። ከሰባቱ ፊደላት የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ እንጽፋለን። ያጠራጠረ ቃል በእኔ መዝገበ ቃላት ይዳኛል። እዚያ ከሌለ የለም።

ዛሬ «ሺም» ብሎ ጻፈ። ሰምቼው አላውቅም። ቀጭን ነገር ናት አለ፤ ክፍተት ውስጥ የምትገባ፣ ከላይ ያለው እንዳይወዛወዝ። ወጣት ሳለ ምፅዋ ወደብ ላይ ከአንድ ሕንዳዊ ነው የተማራት። «ሠላሳ ዓመት በእጄ የያዝኳት ናት፣ ዶክተር!» ዶክተር አይደለሁም። በአፈር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ነው ያለኝ። ስንቴ ልንገረው?

መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። የለም። ሰረዝኩበት፤ ዐሥር ቀረው። ሳቀ። ሳቁ አናደደኝ። ጋራዥ ውስጥ የሚጮህ ሁሉ እንግሊዝኛ አይደለም አልኩት። ጮክ ብዬ። አስተናጋጇ ለተብርሃን ትሪዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ግደይ ተነሣ። ሻዩን አልጨረሰም። የቆርኪ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ልክ ነበርኩ። የለም ማለት የለም ነው።

መጋቢት 4፣ ከቀኑ 7፡00

አልመጣም። ለተብርሃን ሳልጠይቃት ሁለት ሻይ አመጣች። አንዱን መልሺው አልኳት። «ተወው ይቀመጥ፣ ይመጣ ይሆናል።» ቀዘቀዘ። ላዩ ላይ ቆዳ ሠራ።

መጋቢት 6

ብቻዬን ተጫወትኩ። ሃያ ስድስት ቃል። ከዚህ በላይ አውጥቼ አላውቅም። የሚከራከረኝ የለም፣ የምሰርዝበት የለም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለች። ከማን ጋር ትውላለህ አለች። ከግደይ ጋር አልኳት። የምጠራው ሌላ ስም የለኝም።

መጋቢት 8፣ ጠዋት

ለምን በእንግሊዝኛ? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ የሥራ ባልደረባ ጠይቆኝ ያውቃል፤ ወሬ ቀየርኩበት። ለአንተ ልንገርህ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት መቐለ ኖሬ፣ ትግርኛ ስናገር ሕፃናት ይስቁብኛል። የግደይ አማርኛም ይሰበራል። በእሱ ቋንቋ እኔ እንግዳ፣ በእኔ ቋንቋ እሱ እንግዳ። በእንግሊዝኛ ሁለታችንም እንግዳ ነን። እኩል።

እኩል ብዬ ጻፍኩ? መዝገበ ቃላቱ በማን እጅ ነበር?

በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ አማርኛዬን ውጬ ነበር የምሄደው። አንገቴን ደፍቼ፣ ግድግዳ ግድግዳውን። ግደይ አንድ ቀን ከአስፋልቱ ማዶ በአማርኛ ጮኸብኝ። «ሓወይ! ወንድሜ! ምነው ዘጋኸኝ?» ሰው ሁሉ ዞር አለ። ተሻግሮ አቀፈኝ። ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ያቀፈኝ ሰው አልነበረም።

ይኼን ሰው ነው «ጋራዥ» ያልኩት።

ቢሆንም ቃሉ የለም። ሕግ ሕግ ነው።

መጋቢት 11፣ 6፡40

ለተብርሃን ዛሬ አንድ ሻይ ብቻ አመጣች። ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ አንድ ነበር ያዘዝኩት። ግደይ ትናንት በዚህ አለፈ አለችኝ። «በመስኮቱ አየህና ወደ ማዶ ተሻገረ።» ልከፍል ብር አወጣሁ። እሷ ግን አልጨረሰችም። «ዋይ ጋሼ! አንተ እኮ ሰውን ስትፈትን ነው የምትኖር። እዚህ ፈተና የለም፣ ሻይ ነው ያለ።»

ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር እስካለው ቤቴ ድረስ በእግሬ። ማንም ስሜን አልጠራም።

መጋቢት 12፣ ከሰዓት 10፡00

የጨዋታውን መዝገብ ልዝጋ ብዬ ተቀመጥኩ። ከየጨዋታው በኋላ በእያንዳንዱ ቃል ግርጌ የተገኘበትን ገጽ እጽፋለሁ። የራሴ ደንብ ነው፤ ያለ ገጽ ቁጥር አይመዘገብም። የመጋቢት 3ቱ ሳይሞላ ቀርቷል። የራሴን ዐሥራ ዘጠኝ ቃላት አንድ በአንድ ፈለግሁ። «ስማርት» አለ። «ስቴር» አለ። «ሸርት»…

የለም።

ሸሚዝ። የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው ቃል። እንደገና ፈለግሁ። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና። ከዚያ የገጹን ቁጥር አየሁ። 712። ቀጥሎ 715።

አንድ ቅጠል ጎድሏል። «ሺም» ይኖርበት የነበረው ቅጠል።

ያን ቀን ቁጥሩን አላየሁም። ጣቴን አውርጄ የለም አልኩ። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ወረቀቱን እጥልበታለሁ።

12፡00

ቤቱን በረበርኩት። መደርደሪያ፣ ሣጥን፣ ከአልጋ ሥር። የለም። ደክሞኝ ጠረጴዛው ላይ ተደገፍኩ። ያኔ ትዝ አለኝ።

ቅጠሉ ተገንጥሎ ነበር፤ በዚያው መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ። ከተማው ውስጥ ማጣበቂያ አልነበረም። ሰፈሩ ውስጥ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ወለሉ ተሰንጥቆ ይኼ ጠረጴዛ ይወዛወዝ ነበር። ማጣበቂያ እስኪገኝ ብዬ ቅጠሉን ለአራት አጥፌ ከእግሩ ሥር ከተትኩት። ማጣበቂያው ከመጣ ቆይቷል። እኔ ረሳሁት። ሦስት ዓመት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ፈተና አርሜያለሁ፤ አንተንም የምጽፍህ እዚሁ ነው። ወዝወዝ ብሎ አያውቅም።

ተንበርክኬ አወጣሁት። ጠቁሯል፤ ማጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ዘረጋሁት። ሸርት አለ። ከእሱ ከፍ ብሎ ሺም። ክፍተት ለመሙላት የሚገባ ቀጭን ብረት፣ እንጨት ወይም ወረቀት፣ ይላል።

ወረቀትም ይላል።

መጋቢት 13፣ ጠዋት 2፡30

ሌሊቱን ስልክ ልደውል አልደውል ስል ነበር። ስልክ አይሆንም። ሰው ፊት ነው ያዋረድኩት፤ ሰው ፊት ነው የምመልሰው። ጋራዡ ሰሜን ነው፣ ወደ ውቅሮ በሚወጣው መንገድ ላይ። ሦስት ሠራተኞች አሉት። በነሱ ፊት።

ቅጠሉን አላጣበቅሁትም። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ሰክቼዋለሁ። ሁለቱንም እሱ ጋ ትቼ እመጣለሁ። ከእንግዲህ ዳኛው እሱ ነው። ከረጢቱንም ይዣለሁ። በመዝገቡ ላይ ዐሥራ አንድ ብዬ አጸናሁለት፤ ገጽ ቁጥሩንም ጻፍኩ።

በትግርኛ «ይቕረታ» ማለትን መስታወት ፊት ተለማመድኩ። ቕ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለች። ይሣቁ።

ጽሑፌ ተንጋዷል አይደል? ጠረጴዛው ነው። ሌላ ወረቀት አልከትበትም። ግደይ መጥቶ የራሱን ብረት ይክተትበት። እመጣለሁ ካለ። አልመጣም ካለም ነገ እንደገና እሄዳለሁ።