ምሕረት ዓይኗን ስትገልጥ

ታዴዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸን ሁለት ፋሲካ አለፈ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተስ ዐርፈሃል፣ ወሬው ያለው እኔ ጋ ነው። ደስ ሲለኝ አፌ እንደማያርፍ ታውቀው የለ? ምሕረታችን ዳነችልኝ!

ኩፍኝ ወጥቶባት ነበር። ፊቷ ሁሉ ሽፍ ብሎ፣ ዓይኗ ተጣብቆ አልገለጥ አለ። እኔም እናቴ ለእኛ እንዳደረገችው መስኮቱን ጋረድኩ፣ ሽንኩርት ማቁላላት ተውኩ፣ ከደጅ የመጣ ሰው አላስገባም አልኩ። ኩፍኝ ለያዘው ሽታና ነፋስ ጠላቱ አይደል? ጎረቤታችን አርዶ በበሩ ስንጥቅ፣ «እህቴ፣ እኔም ሸተትኩሽ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን በከተማው የተነሳው የጦርነት ተኩስ ሰፈራችን አሕመድ ዳጋህ ደረሰ። ሰው ሁሉ ሲሸሽ እኔ እምቢ አልኩ። ነፋስ ከመታት ዓይኗ ይጠፋል፣ ትሞትብኛለች ብዬ። አርዶ በሩን ገፍታ ገባች። «ወላሂ፣ ነፋስ ስትፈሪ መድፍ ይጨርስሻል! ተነሺ!» ብላ ልጅቷን ከነብርድ ልብሷ ታቀፈቻት።

ጭነት መኪና ላይ ወጥተን በሸራ ሸፈንናት። ነፋሱንስ ከለከልኩ፤ ግን ናፍጣው! የሽንኩርት ሽታ ያላስነካኋትን ልጅ የናፍጣ በርሜል ሥር አስተኛኋት። በቃ፣ በገዛ እጄ ገደልኳት ብዬ አነባሁ።

ከከተማው ስንወጣ ሸራው ተንቀሳቀሰ። ስንት ቀን ቃል ያልወጣት ልጅ፣ «አባዬ መጣ?» አለች። መኪናህን ነድተህ ከበርበራ ስትገባ ሸሚዝህ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተውን አልረሳችም! ብቅ ብላ፣ ያን የተጣበቀ ዓይኗን በጣቷ ፈልቅቃ በጋቢናው መስኮት ሾፌሩን አየችው። «እሱ አይደለም፤ ይሄ ጺም አለው» አለችኝ። ጺሙን አየች እኮ ታዴዬ! አርዶ አልሐምዱሊላህ ስትል እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። የተሳፈረው ሁሉ አበደች ብሎ ዞሮ አየኝ።

አሁን ቤታችን ተመልሰናል። የጣሪያው አንድ ጥግ ተበሳስቷል፣ ዋሄን ገበያም ገና መንቃቱ ነው። እሷ ግን ቅርፊቷ ረግፎ፣ የኔንም ድርሻ ጨምራ ትበላለች።

ካንተ የቀራት ሽታህና ጺም አልባ ፊትህ ብቻ ነው። ሌላውን እኔ እነግራታለሁ፤ አሳሳቅህን፣ ስትቆጣ ዝም ማለትህን፣ እሷን ስታቅፍ መኪና እንደምትነዳ መጠንቀቅህን። በሕይወት እስካለሁ አንዱንም አላስቀርባትም።

ያንተው አልማዝ