ለማይሰጥ ሰው መሳቅ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ነህ? ከስስ ግድግዳ ወዲያ ማንኮራፋትህን እየሰማሁ ጤንነትህን በወረቀት መጠየቄ ያስቃል። ግን ምን ላድርግ? አንተ ስትገባ እኔ ተኝቻለሁ፤ እኔ ስወጣ አንተ አልተነሳህም። ጉልበትህ እንዴት ሆነ? እማዬ ቅባት አልቀባም አለኝ ብላ ከሳሃለች። ተቀባ እንጂ! እኔ፣ ከነገው ጭንቀት በቀር፣ ደህና ነኝ።

ደብዳቤውን የሥራ ጫማህ ውስጥ የከተትኩት ሳታነበው እንዳትወጣ ብዬ ነው። ለእማዬ እንዳልነግራት ታውቃታለህ፤ ከኔ ብሳ ነው የምትጨነቀው።

ነገ ማታ አለቃዬ እኛን ሦስቱን የሙከራ ሠራተኞች እራት ይጋብዘናል። ጸሐፊዋ እንደነገረችኝ ማናችን ቋሚ እንደምንሆን እዚያው ያሳውቀናል። የት እንደሆነ ስትነግረኝ ሁለቴ ጠየቅኋት። አንተ ጋ ነው። መስኮቱ ሥር ያለው፣ አንተ የምታስተናግደው ጠረጴዛ።

ይሄ ብቻ ቢሆንማ ምን ነበረበት? አባቴ አስተናጋጅ ነው ብዬ የማፍር ልጅ እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። የመስኮቱ ሥር ሰውዬ ያልከኝን ታስታውሳለህ? መልሱን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ለቅሞ፣ በጉርሻ ፈንታ የሐኪሙን ቀልድ ነግሮህ የሚሄደውን? ሐኪሙ ምንህን ነው የሚያምህ ሲለው፣ በሽተኛው እሱን ባውቅማ እዚህ ምን አመጣኝ ያለበትን? አለቃዬ ማለት እሱ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ያንኑ ቀልድ ሲጀምር፣ ልክ እንዳልከው ሳይጨርሰው ራሱ ሲስቅ፣ ያኔ አወቅሁት። እስከ ዛሬ የደበቅሁህ አንተም አብረኸኝ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው።

ቢሮ ውስጥ የጉርሻ ነገር ከተነሳ አለቃዬ አያባራም። አስተናጋጆች ደመወዝ እየተከፈላቸው ለምን እጅ እጃችንን ያዩናል፣ ጉርሻ ሰውን ያበላሻል ይላል። አብሮኝ በሙከራ ላይ ያለው ረዥሙ ባልደረባዬ ደግሞ ከሥር ከሥሩ ልክ ነው ጌታዬ፣ ልክ ነው ይላል። ያ ደመወዝ የወሩን አጋማሽ እንኳ እንደማያይ ልነግራቸው ምላሴን ይበላኛል።

የሚገርመው አንተም ጉርሻ አትወድም። ያን እሁድ ሸሚዝህን ስተኩስልህ፣ ደመወዜን በወጉ ከፍለውኝ ሰውን ቀና ብዬ ባየው ይሻለኝ ነበር፤ ጉርሻ ማለት በማያስቅ ነገር መሳቅ ነው አልከኝ። ታዲያ ለማይሰጠው ለምን ትስቅለታለህ ብልህ፣ ነገ ይሰጥ ይሆናላ አልክ። ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ ያቺ መልስህ አልለቀቀችኝም። እኔም እስቃለኋ፣ አባዬ! የሐኪሙን ቀልድ ሲያወራ ከሁሉም ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ። አንገቴን ዘንበል አድርጌ፣ ልክ እንዳንተ። ሙከራዬን አንዴ አራዘመው፤ ደግሞ አራዘመው። በርቺ፣ እናያለን ይለኛል። እኔም ነገ ይሰጥ ይሆናል እያልኩ እወጣለሁ።

ነገ ያንን ቀልድ ማውራቱ አይቀርም። አንተ ትሪህን ይዘህ ከኋላው ቆመህ ትስቃለህ፤ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እስቃለሁ። ዓይን ለዓይን ከተጋጨን ምን እንደምሆን እንጃ። አንተ ደግሞ ለኔ ብለህ እንደማያውቀኝ ሰው ምን ልታዘዝ እመቤቴ እንደምትለኝ ከአሁኑ ይታየኛል።

መጀመሪያ ፈረቃ ቀይር ልልህ ነበር። የሚተካህም የአንዷ አባት ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ አትሳቅ ልልህ አሰብኩ፤ አንተ ካልሳቅህ እኔም አልስቅም። ግን ሰውዬው ቢቀየምስ? ያንተ ሥራስ? የኔስ? እሺ፣ ሳቅ። ብቻ ስትስቅ ወደኔ አትይ፤ ካየኸኝ እዚያው ሁሉም ፊት አባዬ ማለቴ አይቀርም።

አይ፣ ተወው። እየኝ።

ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ትሪው ይቅለልህ፤ ከእንግዲህ የሚመጣልህ እንግዳ ሁሉ የምር የሚያስቅ ወሬ ይዞልህ ይምጣ።

ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ልጅህ