በሽምግልና ስለታረቁት ሁለት የውሃ ተራ ፋይሎች

ለተከበሩ የመስኖ ውሃ ተራ አደላዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ቆቦ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎን አላህ ያብዛልዎ፤ የቢሮዎ ጥላ ቀዝቃዛ፣ ወንበርዎም የጸና ይሁን። እኛ ከሙቀቱና ከሽንኩርታችን መጠውለግ በስተቀር ደህና ነን።

አስቀድሜ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። የውሃ ተራችንን በስልክ የሚነግረንን ፕሮግራም የሚሠሩት ባለሙያዎችዎ ራዊያና አላምረው፣ የተረኞችን ስም የያዘውን አንዱን ፋይል በየኮምፒውተራቸው ሲያርሙ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ሆኑባቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነታቸውን የሚያሳይና አይተው እንዲያዋህዷቸው የሚያግዝ ሶፍትዌር ይመረጥልን ቢሉ፣ እርስዎ ነገሩን ሳይንቁ ኮሚቴ አቋቋሙ። ቅሬታዬ ከዚያ ወዲህ ባለው ላይ ነው፤ ድፍረት ከሆነብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ባለሙያዎቹ የወደዱት ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ ስለሆነ ሦስት ፕሮፎርማ ሊቀርብበት አልቻለም ተብሎ ወደቀ።

ሁለተኛ፣ ቀጥሎ የቀረበው ልዩነትን በቀይ ቀለም ስለሚያሳይ፣ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ልዩነት ያለ ያስመስላል ተባለ። የጽሕፈት ቤቱን ስም ከቀለም ስለጠበቁ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው ላይ ግን ምስጋና ያጥረኛል። ምርጫው ሲጓተት ኮሚቴው ሁለቱን ፋይሎች እንደ አገራችን ወግ በሽምግልና አስታረቃቸው። ማንም እንዳይከፋው ከራዊያ ፋይል የላይኛው ግማሽ፣ ከአላምረው የታችኛው ግማሽ ተወስዶ ተገጠመ፤ ሽማግሌዎቹም መርቀው ተነሡ። የጎብዬዋ ገበሬ የመይሙና ስም በራዊያ ፋይል ከታች፣ በአላምረው ደግሞ ከላይ ስለነበረ ከእርቁ ውጭ ቀረች። የጎረቤቷ የሞላ ስም በተወሰዱት ግማሾች በሁለቱም ውስጥ ስለተገኘ ሁለት ተራ ደረሰው፤ ማሳው ረግረግ ሆኖ በሬ አያስገባም።

መይሙና ቢሮዎ ድረስ መጥታ ስትጠይቅ፣ ስሟ በሁለቱም ፋይል እንዳለ፣ በታረቀው ውስጥ ግን እንደሌለ በትሕትና ተነገራት። እሷም፣ «ታዲያ የታረቃችሁት በእኔ ሽንኩርት ነው?» አለች። ጥያቄዋ እየተጠና ነው ተብላለች።

ክቡር ሆይ፣ የተጣሉ ሰዎች ግማሽ ግማሽ ይቅር ቢባባሉ ቤት ይድናል። ራዊያና አላምረው ግን አልተጣሉም፤ ውሃ ያጣችው መይሙና ናት። የቆላው ፀሐይ ደግሞ የኮሚቴ ቀጠሮ አያከብርም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የሚሠሩበትን መሣሪያ ራሳቸው ይምረጡ፤ መይሙናም በዚህ ሳምንት ታጠጣ። ኮሚቴውን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ሥራ አጥቶ ቢቀመጥ ይበቃናል።

በፊትዎ ዝቅ ብዬ፣ ከቦዩ ግን ሳልርቅ፣
የዘወትር አክባሪዎ
ኡበይድ ከማሉዲን
ከጎብዬ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ሞላ ትርፍ ተራውን ለመይሙና እንደለቀቀላት ሰማሁ። የቦዩ ጠባቂ ያለ እርስዎ ደብዳቤ አልከፍትም ስላለ፣ ዛሬ ማለዳ መንደሩ ተሰብስቦ ከፍቶላታል። የፈቃዱን ደብዳቤ ሲጽፉልን እባክዎን ቀኑን የትናንት ያድርጉት፤ ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ ሥራ የተካነ መሆኑን ሁላችንም እንመሰክራለን።