የሃዊ ልደት የማን ነው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ አምቦ

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ልጄ ሃዊ ነገ አሥራ ሦስት ዓመት ይሞላታል። ከስድስት ጓደኞቿ ጋር ጭልሞ ጫካ ልወስዳቸው፣ እዚያ የተደበቀ ዕቃ ፍለጋ ሊጫወቱ ነበር። ፍንጮቹን በአማርኛና በኦሮምኛ ራሷ ስትጽፍ፣ ብቻዋን ስትስቅ ነው የሰነበተችው።

ዛሬ ከሰዓት ባሌ ግርማ ገባና፣ "የመሥሪያ ቤት ሰዎች ለቅበላ ምሳ ጠርቻለሁ፤ ልደቱም እዚሁ ይሁን" አለ። ለጉዞው የተከራየሁትንም ሚኒባስ ሳይነግረኝ ሰርዞታል።

"ልደቱ የማን ነው?" አልኩት።

"የልጅ ጨዋታ ሌላ ቀን ይደርሳል። አለቃዬ ይመጣል እኮ!"

ሰኞ ጾም ይገባል፤ የምን ሌላ ቀን!

ሃዊ ወረቀቶቿን ሰበሰበችና፣ "እማ፣ ቃል ገብተሽልኝ ነበር" አለችኝ። እሱን ሳይሆን እኔን! ደሜ ፈላ።

ወዲያው ለሾፌሩ ለኦቦ ቶሎሳ ደወልኩ። "ጠዋት ሁለት ሰዓት በር ላይ ነኝ" አሉኝ።

ግርማ ይህን ሲሰማ፣ "እንግዶቼንስ ማን ያስተናግዳቸው?" ብሎ ጮኸ።

"የጠራቸው ሰው" አልኩት።

ምሳውን እሱ ያዘጋጅ። ኬኩ ግን ከእኛ ጋር ይሄዳል።