ሞተር ቆሞ ይበስብስ እንጂ አይጠገን ላሉት ለግቢያችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ የግቢያችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ከበረንዳ ሆነው የሰው ሥራ የሚቃኙበት ዓይንዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ምድር ቤት የምኖረው ጎረቤትዎ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሞተሬ ብቻ የፊት ጎማዋ ወልቆ ግድግዳ ተደግፋለች።

ባለፈው እሑድ ያለቀውን የፍሬን ሸራ ልቀይር ጎማዋን እንደፈታሁ ከፎቅ ወርደው፣ «በግቢ ውስጥ ተሽከርካሪ መጠገን ክልክል ነው» የሚለውን አዲስ ደንብ ቀለሙ ሳይደርቅ አፍንጫዬ ሥር ስላነበቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ጥዬ የወጣሁ በመሆኔ ያልገቡኝን ጥቂት ነገሮች በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ደንቡ መጠገንን እንጂ መበላሸትን አይከለክልም። በግቢያችን ጥግ ድመት የወለደችባት መኪና አለች፤ ከጎኗም ሣር የዋጠው፣ መሪ የሌለው ሞተር ተጋድሟል። የሚነካቸው ስለሌለ ሁለቱም ደንብ አክባሪዎች ናቸው። ጥፋተኛዋ የእኔዋ ናት፤ ልትድን ሞከረቻ! ሬሳውን ዝም ብሎ በሽተኛውን «ለምን ትታከማለህ?» የሚል ኮሚቴ ስላለን ዕድለኞች ነን።

2. ዘይት መሬት ያቆሽሻል ብለዋል፤ እውነት ነው። ስለዚህም ከሥሯ ካርቶን አንጥፌ ነበር፤ አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም። ካርቶኑን ለምርመራ ብድግ ሲያደርጉት ነጭ ሱሪዎ ላይ ስለደረሰው ነገር ግን እኔም ጎረቤቱም እስካሁን ሐዘን ላይ ነን። ሐዘናችን በሳቅ መልክ ስለወጣ ይቅርታ።

3. ሦስተኛውን እህቴ «ይሄማ አይጻፍም!» ብላ ስላስጠፋችኝ ወደ አራተኛው እሻገራለሁ።

4. «ጋራዥ ውሰዳት» ብለዋል። ምክርዎ ወርቅ ነው። ባለፈው ጋራዥ ወስጃት ካቴናዋን አጥብቀው ሲመልሱልኝ የኋላ ጎማዋን ዳዶ ሳያጠብቁት ቀርተዋል። መላላቱን ያወቅነው መንገድ ላይ ጎማው መወዛወዝ ሲጀምር ነው፤ ከኋላዬ የተቀመጠችው እህቴ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ የምትቀመጥበትን ነገር ከእኔ ሌላ ሰው አያጠብቀውም። ይኼን ስል አልቀልድም።

5. እህቴ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ሥራ የምትገባው አውቶቡስ ሳይነሳ ነው። ሞተሯ ከተፈታች ወዲህ በእግሯ እየኳተነች ሁለቴ አርፍዳለች፤ አለቃዋም «አንዴ ብትደግሚ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የራስሽን እጠቢ» ብሏታል። ፍሬን በሌላት ሞተር ላድርሳት እንዳልል፣ ሆስፒታሉ ጋ በጊዜ እንደምትደርስ አልጠራጠርም፤ የምትገባው ግን በድንገተኛ ክፍል በር ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ፣ ደንቡን አይሻሩት፤ የደከሙበት ነው። ሞተሬን ብቻ «ለዘለቄታው የተበላሸች» ብለው ማኅተም ይምቱልኝ። ያኔ ከእነዚያ ሬሳዎች ጎን በክብር ትቆማለች፣ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። በለቅሶው መሐል እጄ ብሎን ቢፈታ የሐዘንተኛ ነገር ነው ብለው ይለፉኝ። ጠዋት ጠዋት እህቴን አሳፍራ ስትወጣ ቢያዩዋትም አይደንግጡ፤ ማታ ተመልሳ ትሞታለች።

ከበረንዳዎ በታች፣ ከአቧራው ትንሽ ከፍ ብዬ የምገኝ፣ እጄ በግራሶ ልቤ በአክብሮት የተለወሰ፣

ታዛዥ የምድር ቤት ጎረቤትዎ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለፈው ወር አውቶቡስ ያመለጣቸው ቀን ባለቤትዎ ከኋላዬ ተፈናጠው ነው ሥራ የገቡት። ትናንትም በመስኮት ብቅ ብለው «አንተ፣ ያቺ ሞተር መቼ ነው የምትድነው?» ብለውኛል። «አደራ፣ ለሱ ትንፍሽ እንዳትል» ስላሉኝ ቃሌን ጠብቄ ለእርስዎ አልነገርኩም፤ ይህ ደብዳቤ ግን እንደሚያዩት የተለጠፈው ግቢው በር ላይ ነው።