አምስት ልብ ያለው ሽማግሌ

ባሕር ዳር፣ ጥር 14

ውድ ልጄ ዜማ፣

ይህን ጨዋታ አሮጌው ኮምፒዩተርሽ ላይ ጭነሽ፣ «ጡረታ ሲወጡ ጊዜዎን ያሳልፉበታል» ብለሽ ስትሰጭኝ ምን በድየሽ እንደ ነበር እስካሁን አልገባኝም። ጊዜዬን አላሳለፈልኝም፤ ዕድሜዬን ነው ያሳጠረው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቸክያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የኮሌጅ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ተቀምጬ ስንት ሺህ ተማሪ ያስተናገድሁ ሰው፣ ስድስት ጠረጴዛ ያላት የሥዕል ምግብ ቤት አሸነፈችኝ!

አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም እኔ እንዳየሁት ልንገርሽ። ደንበኛ ይገባል። በማውዙ ጎትቼ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ሽርጥ የታጠቀችዋን አስተናጋጅ ልኬ ትዕዛዙን እቀበላለሁ፤ ምግቡን አደርስለታለሁ፤ ሲጨርስ ሳህኑን አነሣለታለሁ። ይህ ሁሉ በሩጫ ነው። እያንዳንዱ ሰው አናቱ ላይ ቀያይ ልቦች አሉት። በጠበቀ ቁጥር አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ሲያልቁ ሰውየው ከጆሮው ጭስ እያወጣ፣ በሩን አላግቶ ይሄዳል።

መጀመሪያ ያጠፋሁት ሳህኑ ላይ ነው። በየትኛው አገር ነው እንግዳ በቃኝ ሳይል ከፊቱ ሳህን የሚነሣው? እኔ እስኪናገር እጠብቀዋለሁ፤ እሱ አይናገርም። ባዶ ሳህን ፊት ተጎልቶ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰና ሁሉም ጭስ በጭስ ሆኑ። እናትሽ ከኋላዬ ቆማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ረቡዕ ዕለት ደግሞ ሰው ሁሉ ዶሮ ጥብስ አማረው። እጄ እንቢ አለኝ። «ሥዕል እኮ ነው» ትለኛለች እናትሽ። ሥዕል መሆኑን አጥቼው ነው?

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ሽማግሌው ነው። ጢሙ የነጣ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ቀን ሲገባ ሳላስበው «ኖር!» ብዬ ከወንበሬ ብድግ አልሁ። ከዚያ ወዲህ እሱ በገባ ቁጥር የያዝሁትን ጥዬ እሱን አስቀምጣለሁ፣ እሱን አበላለሁ። ቀይ ልብስ የለበሰች፣ ስልክ ጆሮዋ ላይ የለጠፈች አንዲት ሴት አለች። ሽማግሌውን ሳስቀድም እሷ ተቆጥታ ትወጣለች፤ እሷ ስትወጣ ጨዋታው «ወደቅህ» ይለኛል። ታላቅን ስላከበርሁ! ትናንት ከሰዓት አሥራ አራተኛ ጊዜ ስወድቅ ማውዙን ጠረጴዛው ላይ ወረወርሁት።

«ተነሥ እስኪ፣ ዕቃውን ሳትሰብረው» አለችኝ እናትሽ። ከተወለደች ማውዝ ነክታ አታውቅም። ቁጭ አለችና በአንድ ጊዜ አለፈችው። እንዴት እንደ ተናደድሁ አትጠይቂኝ።

«እንዴት አድርገሽ ነው?» አልኋት።

«ምን ያስቸግራል? ሴትዮዋ ሁለት ልብ ነው ያላት፤ ቶሎ ትቆጣለች፤ እሷን ታስቀድማለህ። ሽማግሌው አምስት ልብ አለው። አይናገርም፣ ይጠብቃል። እሱን መጨረሻ ታደርገዋለህ።»

«ሽማግሌ እያስጠበቅሁ? ነውር አይደለም እንዴ እናትዓለም?»

ማውዙን አስቀመጠችና ዞር ብላ አየችኝ። «አሁን ነው ነውሩ የታየህ? ዕድሜ ልክህን እንዲህ አይደል ያስተናገድኸው? የጮኸውን ታስቀድማለህ፣ ዝም ያለውን ታቆያለህ። ዜማ ስንት ልብ ነበራት?»

ተቆጣሁ። የማይረባ ነገር ተናገርኋት። በእልህ እሷ እንዳለችው አድርጌ ልጫወት ብዬ ተቀመጥሁ። ሴትዮዋን አስቀደምሁ፣ የሚጮኹትን ሁሉ አስቀደምሁ፤ ሽማግሌውን ጥግ ላይ አስቀምጬ ተውሁት። አለፍሁ። ኮምፒዩተሩ ርችት ተኮሰልኝ። ደስ ብሎኝ «ይኸውልሽ!» ብዬ ልጮህ ስል ጥጉን አየሁት። ወንበሩ ባዶ ነው። ሽማግሌው ሄዷል። ጭስ አላየሁም፣ በሩም አልጮኸም፣ ጨዋታውም አልቆጠረብኝ። መቼ እንደ ወጣ አላወቅሁም ልጄ።

ዘጠኝ ዓመትሽ ላይ በጀልባ ዘጌ ልወስድሽ ቃል ገብቼልሽ ነበር። አዲሱን ጫማሽን አድርገሽ ከጠዋት ጀምሮ ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎቹ የሚነሡበት ቦታ ቆመሽ ጠበቅሽኝ። እኔ መስኮቴ ላይ የሚጮኽ የተማሪ ወላጅ ነበረብኝ። ስመጣ ጀልባው ሄዷል። ሰውየው በምን ምክንያት እንደ ጮኸብኝ ዛሬ አላስታውስም። አንቺ ግን «ግድ የለም አባዬ» አልሽኝ። ያቺ «ግድ የለም» እንዴት እንደ ተመቸችኝ! ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተጠቀምሁባት።

እዚሁ ቅርብ ሐሙሲት ለሥራ ስትመደቢ፣ ቤት ተከራይተሽ «አባዬ፣ መጥተው ቤቴን ይመርቁልኝ፤ የእርስዎን ወንበር ገዝቼ አስቀምጫለሁ» ካልሽኝ ሁለት ዓመት አለፈ። መንገዱ ተዘግቷል ያልሁሽ ጊዜ እውነቴን ነበር። ሌላው ጊዜ ግን መንገዱ ክፍት ነበር። የመሸንቲ ሰዎች በድንበር ተጣሉ ሲሉኝ ሦስት ጊዜ ሄጄ አስታርቄያለሁ። ሰባታሚት የማላውቀው ሰው ቤት ሲመረቅ አንደኛው መራቂ እኔ ነበርሁ። የዕድሩ ስብሰባ፣ የሰበካ ጉባኤው ስብሰባ አንድም ቀን አላመለጠኝም። ብቀር የሚቆጣ ሰው ስላለ ነው። አንቺ አትቆጭም።

አሁን የምነግርሽን እናትሽም አታውቀውም። ባለፈው ግንቦት የሥራ ባልደረባዬን ልጅ ሠርግ ልበላ ጎንደር ስሄድ አውቶብሱ ሐሙሲት ቆሞ ነበር። ሰው ወርዶ ሻይ ጠጣ። እኔ አልወረድሁም። በመስኮቱ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ እየበላሁ፣ ቤትሽ ከሻይ ቤቱ ጀርባ እንደ ሆነ እያወቅሁ፣ «በመልሴ ጎራ እላለሁ» አልሁ። በመልሴ ጊዜ ተኝቼ ነበር።

ከጳጉሜ ወዲህ ስትደውይ «መቼ ይመጣሉ?» ማለት ትተሻል። እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ ነበር። ከጭቅጭቅ ያረፍሁ መስሎኝ፣ እንዴት ያለች አስተዋይ ልጅ አለችኝ እል ነበር። ትናንት ያንን ባዶ ወንበር ሳይ ነው የደነገጥሁት። ስንት ልብ ቀረሽ ልጄ? አንድ ቀርቶልኝ ይሆን?

ጨዋታውን ሆን ብለሽ ነው የሰጠሽኝ? አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለ ተንኮል የለብሽም። ቢኖርብሽ ይሻለኝ ነበር። በጊዜ ጮኸሽብኝ ቢሆን ኖሮ እንደ ሌላው ሰው አስቀድምሽ ነበር። ይህን ስጽፍ ጥፋቱን መልሼ አንቺ ላይ መጫኔ ታወቀኝ። አልሰርዘውም፤ አባትሽ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ እንድታይው።

ነገ የዕድሩ ስብሰባ አለ። ሊቀመንበሩ አቶ ጥዑመ ልሳን ዛሬ ሁለት ጊዜ ደውለው እንዳልቀር አስጠንቅቀውኛል፤ ይቆጡ። እኔና እናትሽ በጠዋት መናኸሪያ ነን። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም፤ በአፌ ልናገረው ስለማልችል በእጄ እሰጥሻለሁ። የገዛሽልኝ ወንበር ላይ አልቀመጥም፤ አንብበሽ እስክትጨርሺ ደጅ ቆሜ እቆያለሁ። ቀስ ብለሽ አንብቢው። መጠበቅ የኔ ተራ ነው።

አባትሽ
አስናቀ