ጣቱን ያላነሳው ልጅ

ይድረስ ሊንከን ከተማ ለምትኖረው እህቴ ለሉኤላ፤ ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? እኛ፣ ስንዴው ጭምር፣ ደህና ነን።

ማክሰኞ ከልጄ ከትሬንት ጋር የኮምባይነር ፋብሪካ ልንጎበኝ ሄድን። «አባዬ፣ ዘንድሮ የግድ እንየው» ብሎ የጎተተኝ እሱ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ምን አለው?

መኪናውን የነዳው እሱ ነው። እንደምታውቂው እኛ ገጠር ከፊት መኪና ሲመጣ ከመሪው ላይ አንድ ጣት አንስተን ሰላም እንላለን። እሱ ሁሉንም ዝም ብሎ አለፈ።

«ምነው፣ ጣትህ ደነዘዘ?»

«ረስቼው ነው።»

ይሄ ይረሳል እንዴ?

ፋብሪካው በር ላይ የእንግዳ መዝገብ ሲሞላ፣ አድራሻው ጋ የኛን ቤት ትቶ «ሊንከን፣ አስራ ሁለተኛ ጎዳና» ብሎ ጻፈ። «የማን ቤት ነው?» ስለው «የጓደኛዬ» አለ። ውስጥ ገበሬው ሁሉ አዲሱ ማሽን በቀን ስንት ሄክታር እንደሚያጭድ ይጠይቃል፤ የኔው ልጅ የኛ አሮጌው ቢሸጥ ስንት እንደሚያወጣ ይጠይቃል።

በዚያ ጎዳና ካለፍሽ፣ በረንዳ ላይ የሱ ቦት ጫማ ካለ አየት አድርጊልኝ። እንዲያው ነው።

ስንመለስ እኔው ከጎኑ ተቀምጬ ለሚያልፈው ሁሉ ጣቴን አነሳሁ። «አባዬ፣ ከዚያ ሆነህ ማን ያይሃል?» አለኝ። ቤት እስክንደርስ አላወረድኩትም።

ላንቺም አንስቻለሁ፤ ሰላም ክረሚ።

ወንድምሽ ቨርሊን